ሊቲየም ለምን ዝም አለ? ስለ አልካሊ ብረቶች የተከፈተ አንድ ክር

ክሩ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጻፈ ጥያቄና የተከታተሉት ምላሾች ነው። ጠያቂው መግቢያ አላበዛም። በፔሬዲክ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ የተደረደሩት አልካሊ ብረቶች፣ ማለትም ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየምና ፍራንሲየም ወደ ታች በወረድን ቁጥር ከውሃ ጋር የሚያደርጉት ሪአክሽን እየባሰ እንደሚሄድ ሁላችንም ተምረናል አለ። ሊቲየም ተንሳፎ ረጋ ብሎ አረፋ ያወጣል። ሶዲየም ውሃው ላይ ይሯሯጣል። ፖታሲየም ወዲያው በእሳት ይያያዛል። ሲዚየም ዕቃውን ይሰብራል። እሺ፣ ይሁን። ግን የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ሠንጠረዥ ሲያይ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ከሁሉም የሚቀድመው ሊቲየም ሆኖ አገኘው፤ ነጌቲቭ 3.04 ቮልት (ነጌቲቩ በበዛ ቁጥር መስጠቱ ይቀላል)። ሶዲየም ነጌቲቭ 2.71 ላይ ነው። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ልክ ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን የራሱን ድምዳሜ ጨመረበት። ፍንዳታው ሃይድሮጅን ሲቃጠል የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ፣ በኃይል የሚፈነዳው ሲዚየም ከፍተኛውን ጉልበት ያመነጫል ማለት ነው አለ። ሰውን ያጫረሰው ይሄ ነው። ምላሾቹን ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1 የመምህር ለዛ ነበረው። ጠያቂውን በአንቱታ አመስግኖ ጀመረ። ሁሉም አልካሊ ብረቶች በውጨኛው ሼል ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አላቸው። ወደ ታች ሲወረድ አቶሙ ይገዝፋል፣ ያቺ ኤሌክትሮን ከኒውክሊየሱ ትርቃለች፣ በመሃል ያሉትም ይጋርዷታል። ስለዚህ እሷን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ቁጥሩንም ደረደረው፤ በሞል (ሞል የተወሰነ የአቶሞች ብዛት ነው) ለሊቲየም 520 ኪሎ ጁል፣ ለሶዲየም 496፣ ለፖታሲየም 419፣ ለሩቢዲየም 403፣ ለሲዚየም 376። ላይኩን ጠራርጎ ወሰደው።

ምላሽ 2 በትህትና ጥያቄው ገና አልተመለሰም አለ። እነዚህ ቁጥሮች አቶሙ ብቻውን በጋዝ መልክ ሲሆን የተለኩ ናቸው። ውሃ ውስጥ የሚጣለው ግን ጠጣር ብረት ነው፣ የሚወጣውም በውሃ የተከበበ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የሰጠ አቶም ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አቶሙ ከብረቱ ይላቀቃል፤ ይሄ ጉልበት ይበላል። ቀጥሎ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ ይሄም ይበላል። በመጨረሻ የውሃ ሞለኪውሎች አዮኑን ሲከቡት ጉልበት ይመለሳል። ሊቲየም ጨዋታውን የሚቀይረው እዚህ ጋ ነው። አዮኑ ትንሽ ስለሆነ ውሃ አጥብቆ ይይዘዋል፣ በሞል 520 ኪሎ ጁል ገደማ ይመልሳል። የሲዚየም አዮን ትልቅ ነው፤ የሚመልሰው 264 ገደማ ብቻ ነው።

ከዚያ ደምሩና ቀንሱ አለ። ሊቲየም፦ 159 ሲደመር 520 ሲቀነስ 520፣ የቀረው 159። ሶዲየም፦ 107 ሲደመር 496 ሲቀነስ 406፣ የቀረው 197። ሲዚየም፦ 76 ሲደመር 376 ሲቀነስ 264፣ የቀረው 188። በትንሽ ወጪ የሚወጣው ሊቲየም ነው፣ በብዙ ወጪ የሚወጣው ሶዲየም። የቮልቱ ሠንጠረዥ የሚለውም ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሠንጠረዦች አልተጣሉም፤ የሚለኩት ነገር ይለያያል። ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው፣ ላይኩ ግን የምላሽ 1ን እሩብ አይሞላም።

ምላሽ 3 ሁለት መስመር ነው። ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለታይታ ነው፣ ፈተና ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ምላሽ ነው አለ። ምላሽ 4 ደግሞ ፈተና ለማለፍ የመጣ ሰው ክሩን ትቶ ወደ ደብተሩ ይሂድ አለው። አንቱታው እዚህ ጋ ቀረ።

ምላሽ 5 ከጭቅጭቁ ራቅ ብሎ የጠያቂውን ድምዳሜ ነካ። ሲዚየም ከፍተኛ ጉልበት ያመነጫል የሚለው ልክ አይደለም አለ። አንድ ሞል ብረት ከውሃ ጋር ሲዋሃድ የሚወጣው ሙቀት ለሊቲየም 222 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ለሶዲየም 184፣ ለፖታሲየም 197፣ ለሩቢዲየም 195፣ ለሲዚየም 203። አንደኛ ሊቲየም ነው! በግራም ሲሰላማ ጭራሽ አይገናኙም። አንድ ግራም ሊቲየም 32 ኪሎ ጁል ያወጣል፣ ሶዲየም 8፣ ፖታሲየም 5፣ ሲዚየም 1.5 ብቻ። ዕቃ የሚሰብረው ሲዚየም በግራም ሲታይ ከተረጋጋው ሊቲየም በ20 እጥፍ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሰጠው።

ምላሽ 6 አላመነም። ቁጥሩ ተገልብጦ ይሆናል፣ ወይ ከየትም የተለቀመ ነው አለ። ምላሽ 5 የጻፈው ሰው በምላሽ 7 ተመልሶ ሂሳቡን ዘረገፈለት። ውሃ ውስጥ የሟሟ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ከንጥረ ነገሮቹ ሲፈጠር 508.5 ኪሎ ጁል ይወጣል። አንድ ሞል ውሃ ለማፍረስ ደግሞ 285.8 ይከፈላል። ልዩነቱ 222.7 ነው። የሌሎቹንም እንዲሁ አድርገህ አውጣ አለው። ምላሽ 6 ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ምላሽ 8 ዋናውን ነገር ያነሳው ነው። የሚወጣው የሙቀት መጠን ሌላ፣ የሚወጣበት ፍጥነት ሌላ አለ። ግንድ ከጭራሮ የበለጠ ሙቀት አለው፤ ቦግ የሚለው ግን ጭራሮው ነው። ታዲያ ሊቲየምን ምን ያዘው? አንዱ የመቅለጫ ነጥቡ ነው። ሊቲየም የሚቀልጠው በ180.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሶዲየም በ98፣ ፖታሲየም በ63.5፣ ሩቢዲየም በ39፣ ሲዚየም በ28.5። ሊቲየም ውሃ ላይ ሆኖ ጠጣር እንደሆነ ይቆያል፣ ውሃውም የሚያገኘው ፊቱን ብቻ ነው። ሌሎቹ በራሳቸው ሙቀት ይቀልጣሉ። የቀለጠ ብረት የለበሰውን ቅርፊት ይጥላል፣ ምንጊዜም አዲስ ገጽ ለውሃ ያቀርባል።

ምላሽ 9 ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ይመስላል። ሶዲየሙን ከዘይቱ በወረንጦ ያወጡታል፣ በወረቀት ያደርቁታል፣ በተራ ቢላ ይቆርጡታል። የተቆረጠው ገጽ ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ግን ዓይን ከእሱ ሳይነሳ ይደበዝዛል፣ ግራጫ ይለብሳል። ከአተር ያነሰች ቁራጭ ውሃ ላይ ስትጣል መጀመሪያ ሽሽ ትላለች። ቀጥሎ ጠርዞቿ ይጠፉና ድብልብል ትሆናለች። ቀልጣለች ማለት ነው። ከሥሯ የሚወጣው ሃይድሮጅን እየገፋት ከዳር ዳር ትሮጣለች። ውሃው ላይ ፊኖልፍታሊን (አልካሊ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጠብ ተደርጎ ከሆነ በሄደችበት ሁሉ ሮዝ መስመር ይቀራል፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየተሠራ ነው። እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ በመጨረሻ ጠሽ ብላ ትጠፋለች። ሊቲየም ግን ጠርዙን እንደያዘ ይቆያል። የተቆረጠበት ማዕዘን እስከ መጨረሻው ድረስ ይታያል ይላል።

ምላሽ 10 አንድ ማረሚያና አንድ ጭማሪ ይዞ መጣ። ማረሚያው፣ ሶዲየም የግድ በእሳት ይያያዛል ብላችሁ እንዳታስቡ የሚል ነው። እየሮጠ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አይቀጣጠልም፤ እርጥብ ወረቀት ላይ አስቀምጠው አንድ ቦታ ከያዙት ግን ሙቀቱ ይጠራቀምና ቢጫ ነበልባል ያወጣል። ፖታሲየም እየሮጠም ቢሆን ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ጭማሪው ደግሞ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ ብዙ አይሟሟም የሚል ነው። በ20 ዲግሪ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 13 ግራም ገደማ ብቻ ይቀበላል፤ የሶዲየሙ ከ100 ግራም ያልፋል። ስለዚህ የሊቲየም ገጽ በራሱ ውጤት ይሸፈናል።

ምላሽ 11 ሲዚየም ዕቃ የሚሰብረው ስለሚሰምጥ ነው አለ። ሊቲየም በኩብ ሴንቲ ሜትር 0.53 ግራም ነው፣ ፖታሲየም 0.86፣ ሶዲየም 0.97፤ ሦስቱም ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሩቢዲየም 1.53 ነው፣ ሲዚየም 1.9 ገደማ። እነዚህ ወደ ታች ይወርዳሉ። የሚፈጠረው ጋዝና እንፋሎት ውሃውን ወደ ጎን ይገፋል፣ ብርጭቆው ይፈርሳል። የውሃ ላይ ፍንዳታ አየሩን ነው የሚገፋው። አጭርና ጥርት ያለ ነው። በክሩ ውስጥ ማንም ያልተከራከረው ምላሽም ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ምላሽ 12 ወደ ሃይድሮጅኑ ተመለሰ። ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ የሚፈነዳው ሃይድሮጅን ነው፣ ሌላ የለም አለ። ምላሽ 13 አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ብረቱ ከውሃው በታች እያለ የሚፈነዳ ከሆነ ኦክስጅኑን ከየት አመጣው? ደግሞም በብረቱና በውሃው መካከል የሃይድሮጅንና የእንፋሎት ሽፋን ከተፈጠረ ያ ሽፋን ሁለቱን ማራቅ ነበረበት። ሪአክሽኑ ራሱን ማፈን ሲገባው እንዴት ይፈነዳል? ምላሽ 12 መልስ አልነበረውም። አንዳንዱ መልስ ሲያጣ ይናደዳል፤ እሱም ተናደደ። ምላሽ 14 የእሱ ነው፤ ስድብ ስላለበት አድሚኑ አጠፋው።

ምላሽ 15 ረጅም ነው፣ መነበብም አለበት። በ2015 መጀመሪያ ላይ ኔቸር ኬሚስትሪ በሚባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይተርካል። ሥራው በፕራግ፣ በቼክ የሳይንስ አካዳሚ የእነ ፊሊፕ ሜሰንና ፓቬል ዩንግቪርት ነው። ጠጣር ሶዲየም አስቸጋሪ ነበር፤ አንዴ ይፈነዳል፣ አንዴ እምቢ ይላል፣ የገጹ ቅርፊት ይወስነዋል። ስለዚህ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነውን የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ ጠብታ ውሃ ላይ ጣሉና በከፍተኛ ፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ አነሱት። ጠብታው ውሃውን ከነካ በኋላ ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ከብረቱ ገጽ እሾህ እሾህ የሚመስሉ ነገሮች ወጡ። ብረቱ ራሱ ወደ ውሃው ተወነጨፈ። ይሄ ሃይድሮጅን ከመቀጣጠሉ በፊት ነው።

ምክንያቱን በኮምፒውተር አሰሉት። በገጹ ላይ ያሉት አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን በፒኮ ሴኮንዶች (የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ) ውስጥ ለውሃው ያስረክባሉ። የቀሩት ሁሉም ፖዘቲቭ አዮኖች ናቸው። ፖዘቲቭና ፖዘቲቭ አይዋደድም፤ ተገፋፍተው ይበተናሉ። ኩሎምብ ፍንዳታ ይሉታል። ሲበተን አዲስ ገጽ ይፈጠራል፣ አዲሱ ገጽ ደግሞ ሌላ ውሃ ያገኛል። የምላሽ 13 ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። የጋዙ ሽፋን የማያፍነው ብረቱ ሽፋኑን ጥሶ ስለሚወጣ ነው።

ምላሽ 16 ጥናቱ የተሠራው በጠብታ ቅይጥ ነው፣ ስለዚህ ለሁሉም ብረት አይሠራም አለ። ምላሽ 17 ደግሞ ሚዛናዊ ለመሆን ሞከረ። ሃይድሮጅኑ የለም ያለ የለም አለ። ይወጣል፣ ይቀጣጠላል፣ ነበልባልና ድምፅ ይጨምራል። ግን ሁለተኛ ነው። በሩን የሚከፍተው የኤሌክትሮኖቹ ሽሽት ነው። ይሄ አቀማመጥ ለእኔ ልክ ነው።

ከዚያ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። ምላሽ 18 ሲዚየም ገንዳ ሲያፈነዳ በቲቪ አይቻለሁ፣ ስለዚህ የምላሽ 5 ቁጥር ውሸት ነው አለ። ምላሽ 19 ያ የእንግሊዝ ፕሮግራም ገንዳው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ እንደነበር በኋላ ታውቋል ብሎ አፉን አስያዘው። እውነተኛ ትርዒት ከፈለግህ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በ1947 የተቀረጸውን ፈልግ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሶዲየም በበርሜል በበርሜል ሌኖር የሚባል ሐይቅ ላይ ተንከባሎ ሲጣል ይታያል። ወደ 9 ቶን ይጠጋ ነበር። ሐይቁ ከጥንትም ጨዋማና አልካላይን ስለነበር ችግር የለውም ተብሎ ነው። ምላሽ 20 ለዚያ ዘመን ሰዎች ሐይቅም ላብራቶሪ ነበር ብሎ ቀለደ።

ምላሽ 21 አዲስ ገቢ ነው። አፍሮ አፍሮ፣ ጨው ውስጥ ሶዲየም ካለ ለምን አፋችን ውስጥ አይፈነዳም አለ። ምላሽ 22 ሳቀበት፤ ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ ምን ይሠራል አለ። ምላሽ 23 ምላሽ 22ን ወቀሰና በትዕግሥት አስረዳ። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ኤሌክትሮኑን አንዴ ለክሎሪን ሰጥቶ ጨርሷል። አዮን ነው፣ የሚሰጠው ነገር የለውም። ብረቱን መልሶ ለማግኘት ኤሌክትሮኑን በግድ መመለስ ያስፈልጋል። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ያደረገው ያንን ነው። የቀለጠ ፖታሽ (የፖታሲየም ውህድ) ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አሳልፎ ፖታሲየምን አወጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሶዲየምን ደገመ። ከዚያ በፊት እነዚህን ብረቶች ለብቻቸው ያየ አልነበረም፤ ምክንያቱም ተፈጥሮ ውስጥ ነጻ ሆነው አይቀመጡም።

ምላሽ 24 እንግዲያው ስልኬ ውስጥ ያለው ሊቲየም ውሃ ሲገባበት ይፈነዳል ማለት ነው አለ። ምላሽ 25 የባትሪ ሰው ነው፣ ነገር ሳያበዛ አረመው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሠራ ሊቲየሙ አዮን ሆኖ ከግራፋይት ወደ ሌላው ኤሌክትሮድ ይመላለሳል፤ ብረት ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ሲቃጠል በአብዛኛው የሚነደው ኤሌክትሮላይቱ ነው፤ እሱ ተቀጣጣይ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ነው። እንዲያውም ትልቅ የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲነድ የእሳት አደጋ ሰዎች ብዙ ውሃ ነው የሚጠቀሙት፣ ለማቀዝቀዝ። አደጋው በጣም በቀዘቀዘ ጊዜ ወይም ከልክ በላይ ቻርጅ ሲደረግ ነው፤ ያኔ እውነተኛ የሊቲየም ብረት ግራፋይቱ ላይ ይለጠፋል።

ምላሽ 26 ይሄን አንብቦ ለሶዲየም እሳትም ውሃ ይሠራል እንዳትሉ ብሎ ጮኸ። ልክ ነው። ለሚነድ ሶዲየም ውሃ ክልክል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሆንም፣ ትኩስ ሶዲየም ከእሱም ጋር ይዋሃዳል። ደረቅ አሸዋ፣ ደረቅ የጨው ዱቄት፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ ዱቄት ነው የሚያስፈልገው። ምላሽ 27 ታዲያ ቶን ሙሉ ሶዲየም ኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ የሚጨምር ሰው ጤነኛ ነው ወይ አለ።

ምላሽ 28 በቁም ነገር መለሰለት። ሶዲየም የሚፈላው በ883 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ያለ ከፍተኛ ግፊት ሙቀት ያጓጉዛል። ኒውትሮኖችንም ብዙ አያዘገይም፤ ፈጣን ሪአክተር የሚፈልገው ይሄንን ነው። የሩሲያው ቢኤን 600 ሪአክተር ከ1980 ጀምሮ በሶዲየም እየቀዘቀዘ ይሠራል። በሌላ በኩል በጃፓን ሞንጁ በታኅሣሥ 8 ቀን 1995 ከሁለተኛው የማቀዝቀዣ መስመር ሶዲየም ፈሶ አየር ላይ ተቃጥሏል። ሬዲዮአክቲቭ ነገር ባይወጣም ማመንጫው ከዚያ በኋላ በቅጡ አልሠራም፣ በ2016 እንዲፈርስ ተወሰነ። (ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በክሩ ውስጥ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ።)

ምላሽ 29 ጥያቄውን ወደ ቦታው መለሰው። እነዚሁ ብረቶች በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ሲገቡ ለምን አይፈነዱም አለ። ምላሽ 30 ይሄኛውን ወደድኩት ብሎ ጀመረ። በአሞኒያ ውስጥም ኤሌክትሮኑ ይለቀቃል፣ ግን ወዲያው የሚበላው የለም። በአሞኒያ ሞለኪውሎች ተከቦ ይቀመጣል፣ ፈሳሹንም ደማቅ ሰማያዊ ያደርገዋል። ብረቱ ሲበዛ ቀለሙ ወደ ነሐስ ይለወጣል። በውሃ ውስጥም ኤሌክትሮኖች እንዲሁ ይገባሉ፣ ግን በጣም ቶሎ ሃይድሮጅን ይሆናሉ። በ2021 ያው የፕራግ ቡድን ነገሩን ገለበጠው። ብረት ውሃ ላይ ከመጣል ይልቅ በቫኪዩም ውስጥ በቅይጡ ጠብታ ላይ በጣም ስስ የውሃ እንፋሎት አሳረፉ። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ስሱ ውሃ ሰረጉ፣ ውሃውም ለጥቂት ሴኮንድ ወርቅማ ቀለም ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረታዊ ሆነ። ፍንዳታ አልነበረም። ውሃው እጅግ ትንሽ ስለነበር ነው።

ምላሽ 31 ፍራንሲየም ቢጣል ከተማ ያጠፋል አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም የአልካሊ ብረት ወሬ አይጠፋም። ምላሽ 32 አፈረጠው። ፍራንሲየምን ማርገሪት ፔሬ በ1939 ፓሪስ ውስጥ ስታገኝ ያየችው ጨረሩን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው አይሶቶፑ (የአቶሙ ዓይነት) በ22 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በዓይን የሚታይ ቁራጭ ቢሰበሰብ እንኳ በራሱ ጨረር ሙቀት ይተናል። ደግሞም ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ 393 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፣ ከሲዚየም 376 ይበልጣል። በከባድ ኒውክሊየስ ዙሪያ ኤሌክትሮኖች በጣም ስለሚፈጥኑ የአንስታይን አንጻራዊነት የውጨኛውን ሼል ያጠብበዋል። ወደ ታች ሲወረድ ሁሉ ነገር ይብሳል የሚለው ሕግ መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

ምላሽ 33 ለልጆቼ ላሳያቸው፣ ሶዲየም ከየት ላገኝ እችላለሁ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው ተረባረበበት፤ ከ34 እስከ 36 ያለው ቁጣ ነው፣ አልደግመውም። ምላሽ 37 ግን መፍትሔ ሰጠው። ብረቱን ተው፣ የጨዎቹን ነበልባል አሳያቸው አለ። የሊቲየም ጨው ደማቅ ቀይ፣ የሶዲየም ቢጫ፣ የፖታሲየም ሐምራዊ ይሰጣል። ቡንሰንና ኪርኾፍ ሲዚየምን በ1860፣ ሩቢዲየምን በ1861 ያገኙት እንዲህ ነው፤ ነበልባሉ በስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በቀለም በሚለያይ መሣሪያ) ሲታይ ማንም የማያውቃቸው መስመሮች ነበሩበት። የሲዚየም ብረት ራሱ የተገኘው በ1882 ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ላብራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ወሬያቸውም ስለ አቀማመጥ ነው። ምላሽ 38 ሁሉንም በፓራፊን ዘይት ውስጥ አስቀምጡ አለ። ምላሽ 39 ሊቲየም ዘይት ላይም ይንሳፈፋል፣ አናቱ አየር ላይ ይቀራል ብሎ አረመው። ምላሽ 40 የቆየ ፖታሲየም ይፈራል። ዘይት ውስጥም ቢሆን ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል፣ ሱፐር ኦክሳይድ (ኦክስጅን የበዛበት ውህድ) ነው። ባልደረባው እንዲህ ያለውን በቢላ ሲቆርጥ ቅርፊቱ ከብረቱና ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ ቦግ እንዳለ ጻፈ። መነጽር አድርጎ ነበር፣ ተረፈ። ቢጫ ካያችሁ አትንኩት፣ ለባለሙያ አስረክቡ አለ።

ምላሽ 41 የተረፈ ሶዲየም ኤታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል በሚባሉ አልኮሎች ቀስ ተብሎ ይጠፋል፣ ለፖታሲየም ግን ከእነዚህ የሚዘገየው ተርት ቡታኖል ይሻላል አለ። ምላሽ 42 ያላለቀ ቁራጭ ከሥር ተደብቆ ውሃ የጨመረ ሰው አውቃለሁ፣ አረፋው ስለቆመ ብቻ አልቋል አትበሉ አለ።

ምላሽ 43 እኛ ሁሉንም በናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው ብሎ ገላገልኳችሁ ዓይነት ጻፈ። ምላሽ 44 ለሶዲየምና ለፖታሲየም እሺ አለው። ሊቲየም ግን በክፍል ሙቀትም ከናይትሮጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ናይትራይድ ሆኖ ይጠቁራል። ለእሱ አርጎን ያስፈልጋል። ምላሽ 43 የሳጥኑ ሊቲየም ለምን እንደጠቆረ አሁን ገባኝ፣ ነገ ጋዙን አስቀይራለሁ ብሎ ጻፈ።